ኮምፒውተሩ ያሰፋቸው ሙሽሮች

[የትዳር ደላላ ቢሮ። ከጫማ መሸጫ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ክብ ሰዓት፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር። ጠዋት ነው። ሽማግሌው ደላላና የሚስቱ ወንድም ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ።]

ደላላው፦ እኔ እኮ የምልህ፣ የሰፋችው ሴትዮዋ አይደለችም። ፎቶዋ ነው።

አማቹ፦ ሴትዮዋ ናት፣ ጋሼ።

ደላላው፦ አንተ ሰውዬ፣ ይህቺ እኮ ነርሷ ናት። ባለፈው እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወንበሩ መቀመጧን አላወቀም። አሁን እስቲ እያት። ጉንጯ ከዚህ ጥግ ተነስቶ እዚያ ጥግ ነው የሚያልቀው።

አማቹ፦ ተስማምቷት ይሆናላ።

ደላላው፦ በሳምንት ውስጥ?

አማቹ፦ ሰው ሲደላው ቀን አይቆጥርም።

ደላላው፦ እሺ፣ መምህሯስ? [ማውሱን ይጫናል] ይኸውልህ። ልብስ ሰፊዋስ? ይኸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ደላቸው?

አማቹ፦ አንድ ሰርግ ላይ ተገናኝተው በልተው ይሆናል።

ደላላው፦ በዚህ ሰፈር እኔ ያላወቅሁት ሰርግ ከየት ይመጣል?

አማቹ፦ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ደላላዋ ሴትዮ ሰሞኑን አጋብታለች አሉ።

ደላላው፦ [ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል] የሷን ስም እዚህ ቤት አታንሳብኝ።

አማቹ፦ ስሟን መቼ አነሳሁ?

ደላላው፦ መንገዱንም አታንሳ። እሷ ደግሞ ማን ሆና ነው? አልበም በብብቷ ወሽቃ የምትዞር ሴትዮ። ገጹን ስትገልጠው እርስ በርሱ ተጣብቆ ሙሽራው ከነሚዜው ይላቀቃል። እኔ ኮምፒውተር ያለኝ ሰው ነኝ። ጠቅ ሲደረግ ሴት፣ ጠቅ ሲደረግ ወንድ። ይሄንን ፕሮግራም የሠራልኝን ልጅ ታስታውሰዋለህ አይደል? ሚስት ፈልግልኝ ብሎ መጣ። ፈለግሁለት። ውለታህን በምን ልክፈል ቢለኝ፣ ሥራዬን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባልኝ አልኩት። አስገባልኝ።

አማቹ፦ ትዳሩ እንዴት ሆነለት?

ደላላው፦ ስልክ አያነሳም።

አማቹ፦ ደልቶት ነው።

ደላላው፦ ነው መሰለኝ። ይልቅ ስማኝ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዛሬ ይመጣል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ወፍጮው ብቻ ነው። ደህና ሰው፣ ዝምተኛ ሰው፣ ሁሉም ደላላ የሚቋምጥለት ሰው። መጥቶ እነዚህን ሁሉ እንደ ፍራሽ የተዘረጉ ሴቶች ካየ፣ ተነስቶ ያንን… ያንን የማይነሳውን መንገድ ይሻገራል። ከተሻገረ አለቀልኝ። እህትህም ቁርጡን ነግራኛለች። ይህ ሰው ካመለጠህ ቢሮውን ቆልፈህ ቤትህ ግባ፣ ዶሮዎቹን ጠብቅ ብላኛለች። ይሄን ሁሉ ሕዝብ ያጋባሁ ሰውዬ ዶሮ ልጠብቅ?

አማቹ፦ ዶሮዎቹ እኮ ጥሩ ናቸው።

ደላላው፦ ዶሮ ሰው አያዳምጥም።

አማቹ፦ ጋሼ፣ ለምን ዝም ብለን እንደሰፉ አንተዋቸውም? ሰፋ ማለት የጤና ነው። የወፍጮ ቤት ሰው ደግሞ ሙሉ ነገር ይወዳል። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ጆንያ አይደል?

ደላላው፦ አንተ እንዲህ እያልክ ነው ሳታገባ የቀረኸው። ዞር በል ከፊቴ። እኔ በወጣትነቴ ሬዲዮ በጥፊ ያዳንኩ ሰው ነኝ።

አማቹ፦ ነግረኸኛል።

ደላላው፦ ብነግርህም ደግመህ ስማው። የጎረቤታችን ሬዲዮ አፉ ተዘጋ። ነጭ ገዋን የለበሰ ባለሙያ አስመጡ። ባለሙያው ሆዱን ከፈተው፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። ዕቃው ከውጭ ካልመጣ አይሆንም አለ። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ነበር። እስቲ ላንዴ ፍቀዱልኝ አልኩ። ሳቁብኝ። ጠጋ ብዬ ግራ ጆሮ ግንዱን አንዴ አቀመስኩት። ተናገረ። ባለሙያው ቦርሳውን ሰብስቦ ወጣ። ያ ሬዲዮ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ አያውቅም። ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን እየተለማመጠ መጣ፣ ባክህ ደግመህ ምታልኝና ይተኛ አለኝ። እኔ ማናገር እንጂ ዝም ማሰኘት አላውቅም፣ አልኩት።

አማቹ፦ እሱስ እውነት ነው።

ደላላው፦ [ስክሪኑን በጎኑ በጥፊ ይለዋል] አሁንስ?

አማቹ፦ አሁን የተቆጣች ትመስላለች።

ደላላው፦ [ድጋሚ ይመታዋል] አሁንስ?

አማቹ፦ ያው ናት። ሰፍታ ነው የተቆጣችው።

ደላላው፦ እንግዲያው በጥበብ እንሂድ። ጥፋቱ የሴቶቹ ይሁን የኮምፒውተሩ ለይተን እናውቃለን። ያንን የግድግዳ ሰዓት በስልክህ አንሳው።

አማቹ፦ ሰዓቱም ሚስት ይፈልጋል?

ደላላው፦ አንሳው ስልህ አንሳው። ሰዓት ክብ ነው። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይዋሻል። ክብ ነገር ግን አይዋሽም። እዚህ አስገብተን ክብ ሆኖ ከታየን ሴቶቹ ወፍረዋል ማለት ነው። ክብ ካልሆነ ጥፋተኛው ኮምፒውተሩ ነው። አየህ፣ ይሄን ዘዴ ማን አስተማረኝ? ማንም። ደብተር ሳልይዝ ነው ያደግሁት፤ አእምሮዬን ነው የያዝኩት።

[አማቹ እየተጎተተ ሰዓቱን ያነሳል፤ ፎቶውን ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገቡታል። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ እንደተኛ እንቁላል ሆኖ ይወጣል።]

ደላላው፦ [በእጁ ጠረጴዛውን እየደለቀ] እንቁላል። ምን አልኩህ? እንቁላል ነው።

አማቹ፦ ሰዓቱ እኮ ድሮም ልክ አይደለም፣ ጋሼ። ወደ ኋላ ይቀራል።

ደላላው፦ ወደ ኋላ ቢቀር ወደ ጎን ይሰፋል?

አማቹ፦ የቀረው ጊዜ የሆነ ቦታ መከማቸቱ አይቀርም።

ደላላው፦ [ትኩር ብሎ ያየዋል] እናትህ አንተን ስትወልድ ደክሟት ነበር። እህትህን ስትወልድ ግን ነቅታ ነው፤ እሷ ይሄን ሁሉ አትልም። በቃ፣ ተረጋገጠ። ሴቶቹ ደህና ናቸው። ፎቶዎቹ ቁመታም ናቸው፣ ይቺ ፕሮግራሟ ውስጥ ያለችው ሳጥን ደግሞ ጎነ ሰፊ ናት። ቁመታሙን ሰው በግድ እየጎተተች አልጋዋ ልክ ታስተኛዋለች። ገባህ?

አማቹ፦ አልገባኝም።

ደላላው፦ ባይገባህ ነው የሚገርመኝ፣ እንዲህ አድርጌ ስነግርህ።

አማቹ፦ እንግዲያውስ ከአሁን በኋላ አጫጭር ሰዎችን ብቻ እንመዝግብ።

ደላላው፦ እነሱ ደግሞ ይብስባቸዋል። ዝም በልና ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጥግ ውሰደው።

አማቹ፦ ለምን?

ደላላው፦ ሰፊ በር ከጎን ሲታይ ጠባብ ነው። ሰውዬውን ጥግ እናስቀምጠውና ከጎን ያያቸዋል። ከጎን ሲያያቸው ይጠብባሉ። ሂድ ተቀመጥ፣ አንተ ወፍጮ ቤት ነህ።

አማቹ፦ [ጥግ ሄዶ ይቀመጣል] ተቀመጥኩ።

ደላላው፦ ነርሷ እንዴት ናት?

አማቹ፦ ቀጠን ብላለች።

ደላላው፦ ይኸዋ። ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ በል።

አማቹ፦ አሁን ዘንግ ሆናለች።

ደላላው፦ ትንሽ ጠጋ።

አማቹ፦ አሁን ክር ናት። [ይጠጋል] አሁን የለችም።

ደላላው፦ እንዴት የለችም?

አማቹ፦ የኮምፒውተሩን ጀርባ ነው የማየው። ሽቦ ብቻ ነው። ሰውዬው ሽቦ ያገባል?

ደላላው፦ ና ተነስ፣ ተነስ። [በንዴት ማውሱን እየጫነ ፎቶዎቹን ያገላብጣል] ወንዶቹን እንኳ እንደሰፉ ብተዋቸው ችግር የለውም፣ ባለጸጋ ይመስላሉ። ይሄ ሹፌር አሁን አሠሪ መስሏል። … ቆይ። ይህቺ ማን ናት?

አማቹ፦ የቷ?

ደላላው፦ ይህቺ የምትስቀው።

አማቹ፦ እ… አንዲት ሴትዮ ናት።

ደላላው፦ ሴትዮ መሆኗንማ አየሁ። ማን መዘገባት?

አማቹ፦ እኔ። ጥርስህን የተነቀልክ ዕለት። አፍህ አብጦ መናገር ያልቻልክ ጊዜ።

ደላላው፦ አስታወስኩ፤ ክፉ ቀን ነበር። እና ምን አለችህ?

አማቹ፦ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው ያሰብኩት አለች።

ደላላው፦ ምኑን?

አማቹ፦ ጋሼ፣ እሷን እለፋት። ለወፍጮ ቤቱ አትሆንም።

ደላላው፦ የሚሆነውንና የማይሆነውን የምለየው እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ባል ነው የምትፈልገው?

አማቹ፦ የሚያዳምጥ።

ደላላው፦ ሌላስ? ቤት? ንብረት?

አማቹ፦ ሌላ ምንም። አንድ ነገር ስጀምር እስክጨርስ ዝም የሚል ሰው አገኝ ይሆን ብላ ነው የጠየቀችኝ።

ደላላው፦ አስተዋይ ሴት ናት። የፊት ባሏ ምን ዓይነት ሰው ነው?

አማቹ፦ ወሬኛ።

ደላላው፦ ሞተ?

አማቹ፦ ኧረ ደህና ነው። ይናገራል።

ደላላው፦ ፈታችው?

አማቹ፦ ነገሩ በእንጥልጥል ላይ ነው።

ደላላው፦ የተንጠለጠለ ነገር መቁረጥ የኛ ሥራ ነው። አየህ፣ እኔ እንደ ወሬኛ ወንድ የምጠላው ነገር የለም። አንድ አናጢ አውቅ ነበር። ሚስቱ አንድ ቀን፣ ስማማ፣ ቤቱ ውስጥ ጭስ ይሸተኛል ልትለው አፏን ከፈተች። እሱ በዚያ ቅጽበት በወጣትነቱ ስለሠራው ድልድይ ማውራት ጀመረ። ጭስ ስትል ድልድይ፣ ጭስ ስትል ድልድይ። በመጨረሻ ጎረቤት ነው ባልዲ ይዞ የገባው። ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ ውጭ ቆሞ ስለ ድልድዩ ይናገር ነበር። እኔ ራሴ እዚያ ቆሜ ሙሉውን ሰምቼዋለሁ፣ ድልድዩ እኮ ደግሞ…

አማቹ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ይህቺ ሴትዮ…

ደላላው፦ ቆይ ልጨርስልህ። ድልድዩ እኮ ደግሞ ሁለት ጊዜ የፈረሰ ነው። [ስልኩ ይጠራል] ወፍጮ ቤቱ ነው። ትንፍሽ እንዳትል። አቤት ጌታዬ… አሉ፣ እንዴት አይኖሩም… አሁን ራሱ አንዷ ፊቴ ናት… መልኳ? [ስክሪኑን ያያል] ጌታዬ፣ እኔ የሰው ፊት ሳነብ ነው ያረጀሁት። አሁን ኮምፒውተሩ ትንሽ አስፍቷታል፤ እኔ ግን ከስፋቱ ሥር ነው የማነበው። ደግ ሴት ናት። ብዙ ታግሳለች… አዎን፣ ከአንድ ከንቱ ሰው ጋር ነው የኖረችው። የማያያት፣ የማይሰማት፣ እንጨት የሆነ ሰው… እርስዎ ዝምተኛ ነዎት፣ እሷ ዝምታ ናፍቋታል። ከዚህ በላይ መግጠም አለ?… አሁን? ይምጡ፣ እሷንም አስጠራታለሁ። [ስልኩን ይዘጋል] ሰውዬው ልቡ ተነካ። ከቤት እየወጣሁ ነው አለ። በል ደውልላት።

አማቹ፦ ለማን?

ደላላው፦ ለሴትዮዋ ነዋ። ቁጥሯ አንተ ጋ ነው።

አማቹ፦ እኔ ልደውልላት? ነይ ልበላት? እዚህ?

ደላላው፦ አይ፣ ወንዝ ዳር በላት። ደውል እንጂ።

[አማቹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጥግ ይዞ በሹክሹክታ ይደውላል። ተመልሶ ይመጣል፤ ግንባሩን በእጅጌው ይጠርጋል።]

ደላላው፦ ምን አለች?

አማቹ፦ የመረጠኝ እሱ ነው ወይ አለች። አዎ አልኳት። ራሱ፣ ፎቶዬን አይቶ? አለች። አዎ፣ አይቶሽ፣ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ልብሴን ልቀይር አለችና ዘጋችው።

ደላላው፦ ደስታ ነው። ሴት ስትደሰት መጀመሪያ ዝም ትላለች። እንግዲህ ሰውዬው ከፎቶዋ ጀምሮ ወደ ራሷ ይሻገራል። ፎቶዋ መስተካከል አለበት፣ አበቃ።

አማቹ፦ ሴትዮዋ ራሷ እየመጣች አይደል? ፎቶ ምን ያደርጋል? እንተወው፣ ጋሼ። በእናትህ።

ደላላው፦ እናቴን ምን አመጣት? ሰፍታ ካያት በኋላ ጠብባ ብትገባ ሌላ ሴት አመጡብኝ ይላል። ምን ሆነሃል አንተ ዛሬ? ለምን ያልብሃል?

አማቹ፦ ሞቆኛል። [ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሽቦውን በእግሩ ይነቅለዋል፤ ስክሪኑ ይጨልማል] ውይ፣ መብራት ሄደ።

ደላላው፦ መብራቱ ይኸው አናትህ ላይ እየበራ! እግርህ ነው የሄደው። [ሽቦውን ይሰካል] ግድ የለም፣ መጥፋቱም ለበጎ ነው። ኮምፒውተር አጥፍተህ ስታበራው ይረሳል ይላሉ። ሰው ተኝቶ ሲነሳ ቂሙን እንደሚረሳው።

[ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ፕሮግራሙን ይከፍቱታል። ነርሷ ሰፍታ ትወጣለች።]

አማቹ፦ አልረሳም።

ደላላው፦ አልረሳም። እንግዲያው በሽታ አይደለም። በሽታ ይመጣል ይሄዳል። ይሄ ታዝዞ ነው የሰፋው። አንድ ሰው አስፋ ብሎታል፤ ኮምፒውተሩም እሺ ብሎ ይዞታል። [ያስባል] ስልክህን ስጠኝ።

አማቹ፦ ለምን?

ደላላው፦ ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ የኔን ቁጥር ካየ አያነሳም። ያንተን አያውቀውም። [ይደውላል] ሃሎ? አዎ፣ እኔ ነኝ፣ አትዝጋው… እሺ… እሺ… ይሁን እንጂ ልጄ… [ስልኩን ከጆሮው ያርቃል፤ ከስልኩ ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ይሰማል]

አማቹ፦ ምን እያለ ነው?

ደላላው፦ ሚስቱ የቤቱን ዕቃ በየሳምንቱ ቦታ ትቀያይራለች አለ። ሲመሽ ገብቶ አልጋው በነበረበት ቢወድቅ ድስት መደርደሪያ ላይ ወደቀ። [ወደ ስልኩ] ልጄ፣ መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነው… እሺ፣ የቁም ሳጥኑንም ሰምቻለሁ… እሱን ሌላ ቀን ታሪኩን ታጫውተኛለህ፤ አሁን ሴቶቼ ሰፍተውብኛል። ፎቶዎቹ… አዎ፣ ተጎትተው… ከላይ? ከላይ ከተደረደሩት ቃላት… ‘ቅንብር’ የሚለው… ተጫንኩት… እሺ፣ አየሁት። ‘ፎቶውን እስከ ሳጥኑ ዳር ዘርጋ’ ይላል፤ አጠገቡ ራይት ተደርጎበታል… እሱን ላጥፋው? ከሥሩ ያለው ላይ ራይት ላድርግ… ‘ቁመትና ወርዱን እንደተነሳ ተው’… ገባኝ። ልጄ፣ ይሄ ራይት በራሱ ይገባል እንዴ?… አይገባም? ሰው ካልነካው?… እሺ፣ ሚስትህን ሰላም በልልኝ። [ስልኩን ይመልሳል] ሰው ነው አለ። እጅ ያለበት ነገር ነው።

አማቹ፦ የማን እጅ ይሆን?

ደላላው፦ የማን ይሆናል? የማዶዋ። አልበም ያላት ሰው ኮምፒውተር ሲያይ ይቃጠላል። ሰው ልካ ነው ያስነካችብኝ። በል ተመልከት፣ የሽማግሌ ሥራ ተመልከት።

አማቹ፦ [እጁን ማውሱ ላይ ይጭናል] ጋሼ፣ አትንካው።

ደላላው፦ እጅህን አንሳ።

አማቹ፦ ስለ እግዜር ብለህ። እንደሰፋች ትሁን። ለአንተው ብዬ ነው የምልህ።

ደላላው፦ ለእኔ? አንተ ለእኔ? ሰዓት ሲዘገይ ወደ ጎን ይሰፋል የምትል ሰውዬ፣ እኔን ልታድነኝ? [እጁን አንስቶ ራይቱን ያጠፋል፤ ሌላኛውን ይጫናል] ይኸው።

[ነርሷ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ቀጥሎ መምህሯ፣ ልብስ ሰፊዋ፤ ሰዓቱም ክብ ሆኖ ይመጣል።]

ደላላው፦ ክብ። ምን አልኩህ? ሬዲዮ ያዳነ እጅ ነው ይሄ። ገዋን የለበሱት ሁሉ መጥተው ይማሩ። ማዶዋም መጥታ ትይ፤ መንገዱንም አሁን ማንሳት ትችላለህ። [ይጫናል] አሁን ደግሞ የወፍጮ ቤታችን ሙሽራ። [ጠጋ ብሎ ያያል] አቤት… አቤት። እንዴት ያለች ቆንጆ ናት። ከስፋቱ ሥር አነባለሁ አላልኩም? ጥርሷን እየው። ስትስቅ ዓይኗ አብሮ ይስቃል። ይህቺን ሴት ወሬኛ ነው ያገባት? አያይም እንዴ ያ ሰውዬ?

አማቹ፦ ጋሼ።

ደላላው፦ ቆይ እስቲ። ይህቺን ሴት የሆነ ቦታ የማውቃት ይመስለኛል። አንተን ትመስላለች። አፍንጫዋ ያንተ ነው። ዘመድህ ናት?

አማቹ፦ እህቴ ናት።

ደላላው፦ የትኛዋ እህትህ?

አማቹ፦ አንዲት እህት ነው ያለችኝ።

[ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። ደላላው አፉን ይከፍታል፤ ምንም አይወጣውም። ይዘጋዋል።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ ተናገር እንጂ። ዝም ስትል ፈራሁ።

ደላላው፦ [ቀስ ብሎ] እንዲህ ትስቃለች እንዴ?

አማቹ፦ አንተ ከቤት ስትወጣ ትስቃለች። እኔ ነኝ ያነሳኋት፣ ጓሮ ቆማ።

ደላላው፦ ኮምፒውተሩ እኮ አስፍቷት ነው። ማንም ሰው ቢሆን… ሚስቱ እንደዚያ ተጎትታ ብትታየው… ሰው ያውቃል? አያውቅም። ያንን ራይት ያስገባው ሰው ነው ጉድ የሠራኝ።

አማቹ፦ ራይቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ደላላው፦ አንተ?

አማቹ፦ እኔ። ትናንት ሻይ ልትጠጣ ስትወርድ።

ደላላው፦ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ?

አማቹ፦ አላውቅም። የተጻፈውን ግን አነባለሁ፤ ዘርጋ ይላል፣ ዘረጋሁ። ጋሼ፣ እህቴ ፎቶዋን ያስገባችው ያኔ ነው፣ ጥርስህን የተነቀልክ ጊዜ። ወንድሜ፣ አስገባኝ አለች። እሱ በየቀኑ የሰው ሚስት ሲያይ ይውላል፣ እስቲ እኔንም ይየኝ። ካወቀኝ አስወጣኝ፣ አብረን እንስቃለን። ካላወቀኝ ግን ተወኝ፣ የፈለገ ይውሰደኝ አለች። ከዚያ ወዲህ እዚህ ስክሪን ላይ ቀጥ ብላ፣ በልኳ፣ እየሳቀች ቆማለች። አንተ በየጠዋቱ ታልፋታለህ። አንድ ቀንማ ቆም ብለህ፣ ይህቺ ጥርሷ ያምራል ብለህ አለፍክ።

ደላላው፦ ብያለሁ?

አማቹ፦ ብለሃል። ወፍጮ ቤቱ ሊመጣ ነው ሲባል ጨነቀኝ። ምን ላድርግ? አሰፋኋት። አንተ እሷን ብቻ ለይተህ እንዳትጠረጥር ሁሉንም አሰፋኋቸው። እህቴ መጥታ ብትጠይቀኝ፣ ኮምፒውተሩ አበላሽቷት ነው እንጂ ያውቅሽ ነበር ብዬ ልምልልህ ነበር። ምክንያት እንዲኖርህ ብዬ ነው።

ደላላው፦ እና እኔ…

አማቹ፦ አንተ አስተካከልከው። አስተካክለህም አላወቅካትም።

[ታች የደረጃው በር ይንኳኳል። ደላላው ይደነግጣል፤ አማቹ በመስኮት ቁልቁል ያያል።]

ደላላው፦ ማነው? ወፍጮ ቤቱ ነው?

አማቹ፦ ሁለት ናቸው። እሱና እህቴ። ታች በሩ ላይ የተገናኙ ይመስለኛል። የምትናገረው እሷ ናት።

ደላላው፦ እሱስ?

አማቹ፦ ዝም ብሎ ያዳምጣታል።

ደላላው፦ [ማውሱን በሁለት እጁ ይይዛል] ራይቷ የት ነበረች? ወንድሜ፣ ባክህ፣ የቱ ጋ ነው የሚጫነው? አስፋልኝ። ፈጥነህ አስፋልኝ።

አማቹ፦ [ሊከፍት ወደ በሩ እየሄደ] ምኑን ላስፋልህ፣ ጋሼ? እሷ እንደሁ አሁን ስክሪኑ ላይ አይደለችም።